ካሜራው ከአሜሪካ አይከፍትም፤ ወደ ቪ6 ልሻገር ወይስ ይቅርብኝ?

ፔንሲዮን_አይቲ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት አላችሁ? ያለሁት ባሕር ዳር ነው። ከጣና ዳር ብዙም የማትርቅ ባለ 22 ክፍል ፔንሲዮን አለች፤ ኔትወርኳን የምጠግነው እኔ ነኝ። ኔትወርክ ስል ዋይፋዩን፣ ቲቪውን፣ አንዳንዴም ቦይለሩን።

ባለቤቱ አሜሪካ ነው የሚኖረው። በቅርቡ 16 ካሜራ አስገጠመ። አሁን «ማታ ማታ ግቢዬን ከስልኬ ልየው» ይላል። እንደለመድኩት ራውተሩ ላይ ፖርት (ከውጭ መግቢያ በር) ከፈትኩ። እዚሁ ዋይፋይ ላይ ሆኜ ስሞክረው ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ከውጭ ግን ወፍ የለም።

አንድ ልጅ «ቪ4 ላይ ስለሆንክ ነው፤ ቪ6 አብራና ተገላገል» አለኝ (ቪ4 የድሮው፣ ቪ6 አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ፣ ማለትም የአይፒ፣ ዓይነት ነው)። ሌላው ደግሞ «ቪ6 ከነካህ ያለውንም ታጣለህ» አለኝ። ማንን ልስማ? ወደ አዲሱ አይፒ የተሻገረ ሰው ካለ ቢነግረኝ።

ካሜራው ላይ የሚጻፈው ሰዓትም ከጥበቃው ጋር እያጣላን ነው። እሱን በኋላ አመጣዋለሁ።


ፖሊ_ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ወንድምአለም፣ መጀመሪያ አንድ ነገር አረጋግጥ። ራውተርህ ውስጥ ግባና ዋን የሚለው ሥር ያለውን አድራሻ አንብብ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ልፋትህ ከንቱ ነው። ያ ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 ለኢንተርኔት አቅራቢዎች የውስጥ ሥራ የተለየ ነው። አቅራቢህ በራሱ በኩል ሌላ ናት፣ ማለትም ብዙ መሣሪያ በአንድ አድራሻ የሚያስወጣ አስተርጓሚ፣ አስቀምጧል ማለት ነው። አንድ ፐብሊክ አይፒን ከብዙ ደንበኞች ጋር ትጋራለህ። አንተ የከፈትከው የግቢህን በር ነው። የሰፈሩ በር ቁልፍ ግን አንተ ጋ የለም።


ቀበሌ_14 | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡44

በአጭሩ ችግሩ ናት ናት።


ፔንሲዮን_አይቲ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ሃሃ። አየሁት፣ በ100.81 ነው የሚጀምረው። ሁለት ቀን ሙሉ ራውተሩን ሪሴት ሳደርግ ነበር እኮ!


ፖሊ_ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ምክንያቱን ልንገርህ። ቪ4 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። አድራሻው 32 ቢት ነው፤ ሁሉም ቢደመር 4.3 ቢሊዮን ገደማ። ያኔ ብዙ ይመስል ነበር። የዓለም ማዕከላዊ ክምችት የካቲት 3 ቀን 2011 (እንደ ፈረንጆቹ) ተራግፎ አለቀ። የአፍሪካን ድርሻ የሚያድለው አፍሪኒክ ሞሪሺየስ ነው ያለው፤ እሱም ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ በቁጠባ ነው የሚሰጠው። አንድ ድርጅት በአንድ ጊዜ ቢበዛ 1,024 አድራሻ ነው የሚያገኘው። በ1,024 አድራሻ ከተማ አታገለግልም። ስለዚህ ሁሉም ናት ውስጥ ገባ።

ቪ6 128 ቢት ነው። 340 ብለህ 36 ዜሮ ደርድርበት። እያንዳንዱ ካሜራ የራሱ ፐብሊክ አድራሻ ይኖረዋል። መሻገር ነው እንጂ ምን ምርጫ አለ?


ዘጌ_ቡና | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

እኔ የኔትወርክ ሰው አይደለሁም፤ ቡና ነው የምሸጠው። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። የባሕር ዳር ስልክ ድሮ ባለ ስድስት ቁጥር ነበር። መነሻው 08 ነበር። ከዚያ ቁጥሩ ሰባት ሆነ፣ 08ም 058 ሆነ። ስልካችንን አልቀየርንም፤ ያው ድሮ ያዞርንበት ስልክ ነው። አይፒስ ለምን ፊት ላይ ቁጥር አይጨመርበትም? ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል?


የድሮ_ሞደም | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ዘጌ፣ ከሁሉም የተሻለ ጥያቄ የጠየቅከው አንተ ነህ።

የስልኩ ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2005 ነበር። የተሳካው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ማዞሪያዎቹ በሙሉ የአንድ መሥሪያ ቤት ነበሩ። ቀን ቆረጠ፣ ቀየረ፣ አለቀ። ሁለተኛ፣ ቤትህ ያለው ስልክ ቁጥሩ ስንት መሆኑን አያውቅም። የነካኸውን ያስተላልፋል እንጂ አይቆጥርም። የሚቆጥረው ማዞሪያው ነው።

አይፒ እንደዚያ አይደለም። እያንዳንዱ ፓኬት (በኔትወርክ የሚላክ የመረጃ ጥቅል) ላይ ላኪና ተቀባይ የሚጻፉበት ቦታ አለ። ቪ4 ላይ ያ ቦታ ልክ 32 ቢት ነው። አንድ ቢት አይጨመርበትም። የድሮ ማሽን ረጅሙን አድራሻ የሚጽፍበት ቦታ የለውም፤ ቢደርሰውም አያነበውም። ስለዚህ ቪ6 የቪ4 ማሻሻያ አይደለም። ስሙ ያሳስታል። ጎን ለጎን የተዘረጋ ሌላ መንገድ ነው። ሁለቱ ያለ አስተርጓሚ አይነጋገሩም።

አንዴ ብቻ ሁሉም በአንድ ቀን ተሻግሯል። ጥር 1 ቀን 1983 እንደ ፈረንጆቹ። የኢንተርኔት አባት የሆነው የአሜሪካው አርፓኔት ኤንሲፒ ከሚባለው የድሮ መነጋገሪያ ደንብ ዛሬም ወደምንጠቀምበት ቲሲፒ አይፒ የዞረበት ቀን ነው። ያኔ መስመሩ ላይ የነበሩት ማሽኖች 400 ገደማ ናቸው። እንዲያም ሆኖ ሰው አልሰማ ብሎ፣ በ1982 አጋማሽ ላይ የድሮውን ለአንድ ቀን አጠፉባቸው። በመጸው ደግሞ ለሁለት ቀን። የተቆረጠበት ጮኸ፣ የጮኸው ቀየረ። ካለቀ በኋላ «ከቲሲፒ አይፒ ሽግግር ተርፌአለሁ» የሚል ባጅ አሠርተው ደረታቸው ላይ ለጥፈዋል።

400 ማሽን፣ ገንዘቡን የሚከፍል አንድ ጌታ። ዛሬ ያ ጌታ የለም።


ዘጌ_ቡና | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ገባኝ። ቡና በእኔ ነው።


ቀበሌ_14 | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡25

ጋሼ የተናገሩት ላይ ልጨምር። እኔ ቪ6ን አልጠላም። ግን ሒሳቡን አስቡት። አንድ ድርጅት ቪ6 ቢያበራ ማንን ያገኛል? እነዚያው ሰዎች በቪ4ም ያገኙታል። ቪ4ን ማጥፋት አይችልም፤ ገና ቪ6 የሌላቸው ደንበኞች አሉታ። ስለዚህ ሁለቱንም ይሸከማል። ሁለት ፋየርዎል፣ ሁለት የስህተት ፍለጋ፣ አንድ ደመወዝ። ቀድሞ የገባ ሰው ወጪ እንጂ ትርፍ የለውም። ትርፉ የሚመጣው የመጨረሻው ሰው ሲገባ ነው። ታዲያ ማን ይጀምር? እኔ አልጀምርም።


ፖሊ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡00

ይሄ የሰነፍ ሒሳብ ነው። የጀመሩት ጀምረዋል። ጉግል በየቀኑ የሚያወጣውን ቁጥር እይ። ወደ እሱ ከሚመጡት ሰዎች ከ40 በመቶ በላይ በቪ6 ነው የሚገቡት። ሕንድ ውስጥ ጂዮ የሚባለው የሞባይል ኩባንያ ገና ከመነሻው በቪ6 ነው የዘረጋው። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚበቃ ቪ4 ከየት ይመጣል? አፕል እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2016 ጀምሮ ቪ6 ብቻ ባለው ኔትወርክ ላይ የማይሠራ አፕ አልቀበልም ብሏል።


ቀበሌ_14 | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡08

ቪ6 የወጣው መቼ ነው?


ፖሊ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡10

የመጀመሪያው ሰነድ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1995።


ቀበሌ_14 | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡11

ከዚያ ወዲህ ስንት የማገዶ ምጣድ በኤሌክትሪክ ተቀየረ። አመሰግናለሁ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም።


እትዬ_ጽሕፈት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

ስታወሩ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ፔዳ አካባቢ የጽሕፈት ቤት አለኝ። አይፒውን አላውቀውም። የመሻገሩን ጣጣ ግን አውቀዋለሁ።

በድሮ የግዕዝ ፎንት የተተየበ ፋይል ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ዛሬም አለ። ስከፍተው ፈረንጅኛ የሚመስል ዝባዝንኬ ነው። ያኔ አንድ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው። የእኛ ፊደል አይበቃውም። አንዳንዱ ፎንት ሠሪ ፊደላችንን ለሁለት ከፍሎ በሁለት ፎንት አስቀመጠው። ሌላው ሌላ ቁልፍ ላይ አስቀመጠው። የአንዱ «ሀ» ለሌላው ቅንፍ ነው። ዩኒኮድ ፊደላችንን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር፣ ጣጣ የለውም። ግን ስንት ዓመት ፈጀ! መሥሪያ ቤቱ «ሠርተፊኬታችን በዚህ ፎንት ነው የኖረው» ይላል። ማተሚያ ቤቱ የድሮውን ብቻ ነው የሚያውቀው። እኔ ሁለቱንም ጭኜ ነው የኖርኩት። አሁንም አላጠፋሁትም። ባጠፋው የዚያን ሰውዬ የመመረቂያ ጽሑፍ ማን ይከፍትለታል?


የድሮ_ሞደም | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

እትዬ፣ የርስዎ ነገር ከአይፒው ጋር አንድ ነው። ቦታ ጠበበ፣ ሰፊ መጣ፣ ጠባቡ አልሞትም አለ።

ልጆች፣ ደረጃ የሚያሸንፈው ስለተሻለ እንዳይመስላችሁ። በእኛ ዘመን ኦኤስአይ የሚባል የቲሲፒ አይፒ ተፎካካሪ የኔትወርክ ደንብ ነበር፤ «የወደፊቱ ኦኤስአይ ነው» ነበር የሚባለው። ሰባቱን ሌየር ክፍል ውስጥ ሸምድዳችሁ የለ? እሱ ራሱ ነው። መንግሥታት ነበሩ ከኋላው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1990 ጀምሮ የመንግሥት ግዢ በኦኤስአይ ይሁን ብላ ደንግጋለች። ቲሲፒ አይፒ ደግሞ ኦኤስአይ እስኪደርስ ድረስ የሚታገሡት ጊዜያዊ ነገር ነበር። ምን ሆነ? ኦኤስአይ ወረቀቱ የሚያምር፣ ዕቃው ውድና የማይገኝ ሆነ። ቲሲፒ አይፒ ዩኒክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ በነፃ ገብቶ ነበር። ተማሪው በእሱ ተማረ፣ ተመርቆ በእሱ ሠራ። በ1995 ግዴታው ተነሣ።

የቪ6 መወለጃም ጠብ ነበረበት። በ1992 አድራሻ እንደሚያልቅ ታውቋል። የኢንተርኔቱ የበላይ ቦርድ ጃፓን ኮቤ ላይ ተሰብስቦ «የኦኤስአዩን ሲኤልኤንፒ (የአይፒን አቻ) መነሻ እናድርገው» አለ። በማግሥቱ ወር የኢንተርኔትን ደንቦች የሚጽፈው የአይኢቲኤፍ መሐንዲሶች ማሳቹሴትስ ላይ ተገናኙ፤ ቁጣቸው አይጣል ነው። ከቲሲፒ አይፒ ፈጣሪዎች አንዱ ቪንት ሰርፍ፣ ያ ሁሌ ሙሉ ልብስ ከነሰደርያው የሚለብሰው ሰው፣ መድረክ ላይ ልብሱን እያወለቀ በቲሸርት ቀረ። ከዚያ ሦስት አራት ሐሳብ ተወዳደረ። ያሸነፈው ዛሬ ቪ6 የምንለው ነው። ቪ5 የት ሄደ ለምትሉ፣ ቁጥሩ ድምፅና ምስል ለማስተላለፍ በተሠራ የሙከራ ፕሮቶኮል ተይዞ ነበር።

ተሸናፊውም አልሞተም። ኦኤስአይ የወለደው አይኤስ አይኤስ የሚባለው የመንገድ መፈለጊያ ዛሬም በትልልቅ አቅራቢዎች ጀርባ ላይ ይሠራል። የሚጭነው ግን የባላንጣውን አይፒ ነው።


ጎርጎራ_ኔት | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡45

ታሪኩ ደስ ይላል። እኔ ቁስሌን ላሳያችሁ።

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስሠራ ዱዋል ስታክ እናድርግ ተባለ። ሁለቱም ጎን ለጎን ይሂዱ፣ ቀስ ብሎ የድሮው ይጠፋል። ወረቀት ላይ ሁለት ሳምንት ነበር።

መጀመሪያ የተሰበረው ማንም ያላሰበው ነው። ማን ከየት እንደገባ የሚመዘግብ ፕሮግራም ነበር። የዳታቤዙ ሣጥን 15 ፊደል ብቻ ይይዛል። ለቪ4 በቂ ነው፤ ረጅሙ ከነነጥቡ 15 ነው። የቪ6 ደግሞ እስከ 39 ይደርሳል። ፕሮግራሙ ግማሹን ቆርጦ መዘገበ። ማንም አላስተዋለም። ኦዲት ሲመጣ መዝገቡ በሙሉ ጎማዳ አድራሻ ሆኖ ተገኘ። ጸሐፊው ሥራ ለቋል፣ ሶርስ ኮዱ የለም።

ቀጥሎ ድረ ገጾች ግማሹ ይከፍታል፣ ግማሹ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሦስት ቀን ፈለግን። ለካ ፋየርዎሉ ላይ አንዱ «ፒንግ አደገኛ ነው» ብሎ አይሲኤምፒን (ፒንግም የስህተት መልእክትም የሚሄድበትን) በጅምላ ዘግቶታል። በቪ4 ብዙም አያስቸግርም። በቪ6 ግን መንገድ ላይ ያለ ራውተር ትልቅ ፓኬት አይቆርጥም። «በዛብኝ፣ አሳንሰህ ላክ» ብሎ ለላኪው መልእክት ይመልሳል። ያ መልእክት የሚሄደው በአይሲኤምፒ ነው። ከዘጋኸው ላኪው አይሰማም። ትንሹ ያልፋል፣ ትልቁ ይቀራል።

የመጨረሻው ያስቃል። አንድ ሠራተኛ ከቤቱ ራውተር አምጥቶ ግድግዳው ላይ ሰካ። ራውተሯ «የቪ6 መውጫ እኔ ነኝ» እያለች ታውጃለች። ኮምፒውተሮቹ በሙሉ አመኗት። ዊንዶውስ ሁለቱም ካለው ቪ6ን ነው የሚያስቀድመው። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ በአንዲት የቤት ራውተር ሊወጣ ተሰለፈ። መውጫ ደግሞ የላትም።

አስተውሉ፣ ሦስቱም የቪ6 ጥፋት አይደሉም። ሁሉም ድሮ የተቀበሩ ናቸው። ቪ6 ቆፈራቸው እንጂ። የጣት አሻራ መፈረሚያውማ ጭራሽ ቪ6 አያውቅም፤ እስከ ዛሬ በቪ4 ይፈርማሉ።


ቀበሌ_14 | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡52

እኔ ምን አልኩ?


ፖሊ_ልጅ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡15

ጎርጎራ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። ግን ናትም ነፃ እንዳይመስላችሁ። በአንድ አይፒ ብዙ ሰው ስንወጣ አንዱ ያጠፋው ለሁሉም ይተርፋል። ሳይቱ ያግዳል፣ «ሮቦት አይደለሁም» እያልን የትራፊክ መብራት ስንለቅም እንውላለን። ወጪው አለ፤ ደረሰኝ ስለሌለው ነው የማይታየን።


ፔንሲዮን_አይቲ | ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡30

ተመለስኩ። ሁሉንም አነበብኩ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የርስዎን ለባለቤቱም ላክሁለት።

የሞከርኩትን ልንገራችሁ። ራውተሩ ላይ ቪ6 አበራሁ። ከአቅራቢው የመጣ ነገር የለም። ኤፍኢ80 ብሎ የሚጀምረውን ብቻ ነው ያገኘሁት፤ እሱ ደግሞ ከግቢ አይወጣም። ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ «ቪ6 የሚባል ፓኬጅ የለንም፣ ባለ 6 ጊጋ ነው?» አለችኝ። በሷ አልፈርድም፤ እኔም ሰኞ ዕለት ከዚያ ብዙ አልሻልም ነበር። ከዚያ የስታቲክ አይፒ (የማይቀያየር የራስ ፐብሊክ አድራሻ) ዋጋ ጠየቅሁ። ባለቤቱ በየወሩ መክፈሉን አልወደደውም። የካሜራዎቹን መቅረጫ፣ ዲቪአሩንም አየሁት። ቪ6 የሚል ሜኑ አለው፤ ሳበራው ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። ሁለቴ ሞክሬ ተውኩት።

ኪውአር አንስቶ በአምራቹ ክላውድ መግባትም ነበር። ባለቤቱ «የግቢዬ ቪዲዮ በማን ሰርቨር ነው የሚዞረው?» አለ። ልክ ነው።

በመጨረሻ የሠራው ዋየርጋርድ የሚባል ቪፒኤን ነው። መጋዘን ውስጥ አቧራ የጠጣች ዴስክቶፕ ነበረች፤ ሊኑክስ ጫንኩባት። ውጭ አገር ትንሽ ሰርቨር ተከራየሁ። ዴስክቶፗ ከውስጥ ወደ ውጭ ትደውላለች፣ በየ25 ሰከንዱ «አለሁ» ትላለች። ከውስጥ የተጀመረ ስለሆነ ናቱ አይከለክላትም። ባለቤቱም በስልኩ ወደዚያው ሰርቨር ይገባል። ሐሙስ ማታ ግቢውን አየ። የመጀመሪያ ቃሉ «ያ አምፖል ለምን ጠፋ?» ነበር።

የገረመኝ ግን የሰርቨሩ ሎግ ነው። የባለቤቱ ስልክ ወደ ሰርቨሩ የሚመጣው በቪ6 ነው። እሱ አያውቅም፣ ምንም አልነካም። የኛ ዴስክቶፕ ደግሞ በቪ4 ነው የምትደርሰው። ሁለቱ የሚገናኙት መሀል ላይ ነው።


ፖሊ_ልጅ | ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡50

ጎበዝ! ግን አየህ ያደረግከውን? ሰኞ ዕለት ቪ6 የሚያስፈልግህ አንድ ምክንያት ነበረህ። ዛሬ የለህም። አቅራቢው ጋ የሚደውል ሰው በአንድ ቀነሰ።


ቀበሌ_14 | ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡53

ካሜራው ግን ይታያል።


ፖሊ_ልጅ | ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡54

ይታያል። እሱ ነው የሚያናድደኝ።


የድሮ_ሞደም | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡40

ኢንተርኔት አገራችን በይፋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ባለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) በኩል ፊዶኔት በሚባል ኔትወርክ ኢሜይል ነበር። መልእክቱ ተጠራቅሞ ይቆያል፣ በስልክ መስመር ተደውሎ ይላካል፣ ሌላ ቦታ ላይ ወደ ኢንተርኔት ይተረጎማል። ልጄ፣ አንተም መሀል ላይ አስተርጓሚ ነው ያቆምከው። አያሳፍርም። ዴስክቶፗ መብራት ሲጠፋ ራሷን እንድታስነሣ ባዮሱ ላይ አስተካክልላት። ደግሞም የሰዓቱን ጉዳይ አልነገርከንም።


ፔንሲዮን_አይቲ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡20

አዎ ጋሼ፣ እሱ ባሰ። ትናንት ማታ አንድ መኪና ገብቶ የአበባ መደቡን ረግጦ ወጣ። የጥበቃው መዝገብ «2፡10» ይላል። ካሜራው 20፡10 ይላል። ባለቤቱ ስልኩ ላይ ያየው 13፡10 ነው፣ «በቀን ነው እንዴ የገባው?» ይላል። አዲሱ ሰርቨር ደግሞ በግሪንዊች ሰዓት 17፡10 ብሎ መዝግቦታል። አንድ መኪና፣ አራት ሰዓት።


የድሮ_ሞደም | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡45

ካሜራውን እንዳትነካው። ሰርቨሩንም ተወው። ጥበቃው መዝገብ ላይ አንድ ዓምድ ጨምርለትና በፈረንጅ ሰዓትም ይጻፍ።


ፔንሲዮን_አይቲ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ነገርኩት። «እኔ ያየሁት 2 ሰዓት ከዐሥር ነው፤ ካሜራው 20 ካለ እሱ ይፈርም» አለኝ።